ባዶውን የሚቀንሰው ሰው

«እኔ ያመጣሁት ዱቄት ነው፤ ቁጥሩን ያመጣኸው አንተ ነህ» አለችው እህቴ፣ የውጤቱን ወረቀት በባንኮኒው ላይ ወደ እሱ እየገፋች።

«ቁጥሩ የወጣው ከእርስዎ ዱቄት ነው፣ እትዬ» አለ ፈድሉ። ወረቀቱን በጣቱ እንኳ አልነካውም።

«አኩሪ አተሩን በእጄ ለቅሜ፣ ቆልቼ፣ አስፈጭቼ ነው ያስገባሁት። ታዲያ የት ሄደ?»

«እሱን እኔም ልጠይቅዎት ነበር።»

እህቴ ትርሲት ወደ እኔ ዞረች። ያጠብኩትን ብልቃጥ እንደያዝኩ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜያለሁ። ዱቄቱ ያልፋል ብዬ ቃል የሰጠኋት እኔ ነበርኩ። ላቦራቶሪ ውስጥ እንደምሠራ ታውቃለች፤ እዚያ ምን እንደምሠራ ግን አብራርቼላት አላውቅም። ስለዚህ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። መሣሪያው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል አልኩ።

ፈድሉ ወደ እኔ አላየም። የመለሰው ለእሷ ነው። «ምስክሩ ልኩን ተናግሯል» አላት።

ፈድሉ አሁን ፒያሳ የለም። ኮምቦልቻ አንድ የምግብ ፋብሪካ ቀጥሮት ከሄደ ከራርሟል። በወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ጥሩ ሰው ነው፤ ምንም የሚያስቀና ነገር የለውም። ስለ ፈድሉ የምጽፈው ለዚህ ይመስለኛል። ሰው የወደደውን ብቻ አይደለም የሚናፍቀው፤ የቀናበትንም ይናፍቃል።

ላቦራቶሪያችን ከወርቅ ቤቶቹ በላይ፣ የእንጨት ደረጃ ባለው አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። እህል፣ ዱቄትና ወተት ይመረመርበታል። የእኔ ሥራ የመጣውን ናሙና ተቀብሎ መለያ መለጠፍና የተሠራበትን ብርጭቆ ማጠብ ነው። የፈድሉ ሥራ ፕሮቲን መለካት ነበር።

ፕሮቲን ከዱቄት ውስጥ ተለቅሞ ሚዛን ላይ የሚወጣ ነገር አይደለም። ዱቄቱ በኃይለኛ አሲድ ይቀቀላል፤ መጀመሪያ እንደ ከሰል ይጠቁራል፣ ቆይቶ እንደ ውሃ ይጠራል። ከዚያ በውስጡ የነበረው ናይትሮጅን ተለይቶ ይወጣል፣ ይለካል፤ ከእሱ ተነስቶ ፕሮቲኑ ይሰላል። ይህን የተማረ ሁሉ ይሠራዋል። ፈድሉ የሚለየው ከዱቄቱ ጎን በሚያቆማቸው ሁለት ብልቃጦች ነበር። በአንደኛው፣ ናይትሮጅኑ ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ የሚታወቅ ንጹሕ ነገር ይጨምራል። እሱን «ምስክሩ» ይለዋል። በሌላው ውስጥ ደግሞ አሲዱም ሌላውም ሁሉ ይገባል፣ ዱቄት ግን አይገባም። ይኸኛው «ባዶው» ነው። ሌሎቹም ሠራተኞች ያቆሟቸዋል፤ ሲቸኩሉ ግን ይዘሏቸዋል። እሱ ሲዘል አላየሁም። ምስክሩ የሚታወቅበትን ቁጥር ካልሰጠ የዚያን ቀን ሥራ በሙሉ ይደፋዋል፤ ምስክር የዋሸበት ችሎት ይበተናል ይላል። ባዶው ላይ የተገኘውን ደግሞ ከሁሉም ይቀንሳል። «አሲዱ ይዞት የመጣውን ለዱቄቱ ከቆጠርንለት፣ ሕፃኑን አሲድ ነው ያበላነው» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ይህን ሲል ጫማውን በመሐረብ እየወለወለ ነበር። ትሁት ሰው አልነበረም። ጋዋኑ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ጫማው ላይ አቧራ ካየ ሥራ አይጀምርም። አባቱ ከስልጤ መጥተው አትክልት ተራ ሽንኩርት ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን የተወለደው እዚሁ ነው፤ አፉም የዚሁ ነው። ከሥራ ስንወጣ ካፌ ገብቶ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ማኪያቶ ያዝዛል፤ ዙሪያውን ያለው ሰው የሚለውን ይጠብቃል። አንድ ቀን በመስኮቱ የፈረሰውን ሰፈርና የቆሙትን ክሬኖች አየና፣ ፒያሳ ጥርሷን አስነቅላ አዲሱ እስኪገባላት አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትስቀው አለ። ቤቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስለዚያው ሰፈር አንድ ግጥም ጀምሬ ለሳምንታት ስሰርዝ ስጽፍ ነበር። እኔ ሳምንት የምለፋበትን እሱ ስኳር እያማሰለ ይለዋል። በማግስቱ ያንን አባባል ሳነሳበት፣ እኔ ነኝ ያልኩት? ብሎ ጠየቀኝ። ያንገበገበኝ መርሳቱ ነበር።

ግጥም ያስተማረኝ የለም። ስድስት ኪሎ የተማሪ መታወቂያ ካላቸው ጓደኞቼ ጋር ተቀምጬ፣ የእነሱን መጻሕፍት ተውሼ ነው ያነበብኩት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ ትርሲት ናት። ግጥም ባነበብኩላት ቁጥር እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ትቆይና «ጎበዝ። ምሳ በላህ?» ትለኛለች። ክፋት የለባትም። ለእሷ ነገር ማለት የሚሰፈር፣ የሚቆላ፣ የሚበላ ነው። ዶሮ ማነቂያ ያደግንበት ቤት ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ፈረሰ፤ እሷም ከአትክልት ተራ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ የሕፃናት ምጥን ዱቄት ማዘጋጀት ጀመረች። ሕፃናት ማቆያዎች ዱቄቷን ሊወስዱ ተስማሙና የፕሮቲኑን መጠን በላቦራቶሪ አረጋግጪ አሏት። ያላት ተስፋ ያ ብቻ ነበር። ላቦራቶሪ የሚሠራ ወንድም እንዳላት ለጎረቤት ሁሉ ተናግራ መጣች።

እንግዲህ በዚያ ጠዋት እንደዚያ ቆመን ነበር፤ እሷ ወረቀቱን እየገፋች፣ እሱ እየተመለከታት። የተረፈውን ናሙና አምጣልኝ አለኝ። አመጣሁ። ዱቄቱን በሁለት ጣቱ አሻሸ፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ አየውና ፈገግ አለ።

«ይህ ዱቄት ሰርግ ሊሄድ የተኳኳለ ነው። ማን ነው የነፋው?»

እህቴ አቀረቀረች። ለካ ከጆንያው የቀዳችውን ዱቄት ወደ እኛ ከማምጣቷ በፊት በጠባቡ ወንፊት ደጋግማ ነፍታዋለች። የተማሩ ሰዎች የሚያዩት ነገር ሸካራ ሆኖ እንዲታይባት አልፈለገችም።

«ለሰው ፊት የሚቀርብ ነገር እንዴት ሳይነፋ ይቀርባል?» አለች፣ እንደ መቆጣት ብላ።

በቤታችን ይህ ሕግ ነው። ለእንግዳ የሚወጣው ብርጭቆ እኛ የምንጠጣበት ሆኖ አያውቅም። ፈድሉም የገባው ይመስለኛል፤ አልሳቀባትም። አኩሪ አተር ቅባት ስላለው እንደ ስንዴ አይልምም፣ ሸካራው በጠባብ ወንፊት አያልፍም፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ያለው እዚያ ነው ብሎ ቀስ አድርጎ አስረዳት። ከዚያ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ምን እንዳደረገችው ጠየቃት።

«ለጎረቤት ዶሮዎች ሰጠሁት።»

«እንግዲያ የምስክር ወረቀቱን ለዶሮዎቹ ነው የምንጽፈው።»

ትርሲት ሳቀች። እጇን ባንኮኒው ላይ አሳርፋ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪንሸራተት ሳቀች። ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። እሷን ለማሳቅ ስንት ነገር ጽፌ ነበር። ይህ ሰው ወድቀሻል አላትና ሳቀችለት።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ውጤቱ ይሰጣትና ትሂድ አሉ። እኛ የምንመሰክረው ለመጣልን ናሙና ብቻ ነው ሲሉም ልክ ነበሩ። ፈድሉ ግን ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ሕፃናቱ የሚበሉት ዱቄት ቁጥር ግን አይደለም ብሎ ተከራከረ። በምሳ ሰዓቱ ራሱ ሄዶ ከጆንያዎቹ ናሙና ለመውሰድ ፈቃድ አገኘ። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። እረዳዋለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት፤ በሆዴ ግን ሲሳሳት ማየት ፈልጌ ነው።

አልተሳሳተም። ረጅሙን የናሙና መቅጃ ቧንቧ ከየጆንያው አናት፣ ወገብና ሥር አስገብቶ ቀዳ። እህቴ ከላይ ያለው ይበቃል፣ ሁሉም አንድ ነው አለችው። «ጆንያ እንደ ሰው ነው፤ አናቱ ላይ ያለው ሁልጊዜ ጨዋ ነው» አላት። የቀዳውን ንጹሕ ሸራ ላይ ዘርግቶ ቀላቀለው፣ በመስቀለኛ አራት ቦታ ከፈለው፣ ትይዩዎቹን ሁለቱን አንስቶ የቀሩትን እንደገና ቀላቀለ፤ የሚፈልገው መጠን እስኪቀር እንዲህ አደረገ። ትርሲት እንጀራ መጋገር እንደምትማር ልጅ አጎንብሳ ታየዋለች። አንድ ጊዜ ሊነፋ መስሏት ወንፊቱን አነሳችና ራሷ ደንግጣ መለሰችው። እሱ እርስዎ ሲላት፣ አንቺ በለኝ፣ አሮጊት አታድርገኝ አለችው። ያንንም ሰማሁ።

በማግስቱ ሲለካ ከጎኑ አልተነሳሁም። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ከረጅሙ የመስታወት ቧንቧ አሲድ ጠብ ጠብ እያለ ከታች ያለው አረንጓዴ ፈሳሽ ቀለሙን እስኪለውጥ ይጠበቃል። አንድ ጠብታ ካለፈ ሥራው ተበላሽቷል። ሌሎቹ እዚያ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እሱ ያፏጫል። ፈሳሹ ሊለወጥ ሲል ቧንቧውን ዘጋው፣ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችውን ሙሉ ያልሆነች ጠብታ በብልቃጡ ግድግዳ ነካ አድርጎ ወሰዳት፣ በጥቂት ውሃ አጥቦ አስገባት። ፈሳሹ ሮዝ መሰለ፤ በጣም ቀላል ሮዝ። ስህተት ፍለጋ ያፈጠጥኩ ሰው፣ የት ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ እጅ አየሁ። እኔ ግጥም ላይ ማቆሚያዬን አውቄ አላውቅም።

ውጤቱ ከፊተኛው ከፍ አለ፤ ማቆያዎቹ ከጠየቁት ግን ጥቂት ዝቅ ይላል። አሁንስ ትጠላዋለች አልኩ። በስልክ ሊነግራት ሲችል አስጠራት። ይጎድላል አላት፣ ዓይኗን እያየ። እሷም «በምን ይሞላል?» ብላ ጠየቀችው። ጥላቻም ልመናም በድምፅዋ አልነበረም። አኩሪ አተሩን ከፍ አድርጊ፣ ስትቆዪው አታሳርሪው፣ ከፈጨሽ በኋላም አትንፊው አላት። አደረገችው። የሚቀጥለው ናሙና አለፈ፤ ዱቄቷን ወሰዱላት።

ከዚያ በኋላ በቤታችን የፈድሉ ስም እንደ ጨው ሆነ። ወጥ ሲቀምሱ ፈድሉ፤ ዘመድ ሲታማ ፈድሉ። አንድ የአጎቴ ልጅ ስለ ራሱ ብዙ ሲያወራ፣ ይህ ሰው ባዶው ሲቀነስለት ምን ይቀረዋል? ብላ ሹክ አለችኝ። እህቴ ተረት እንኳ አትጠቅስም ነበር። አሁን በሌላ ሰው አፍ ታወራለች፤ ያ አፍ የእኔ እንዲሆን ስንት ዓመት ለፍቻለሁ።

ስለዚህ ፈድሉን ግጥም ላነብ ስድስት ኪሎ አካባቢ ወዳለ አዳራሽ ጋበዝኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እሱ የማይችለውን አንድ ነገር ስችል እንዲያየኝ ነው የፈለግሁት። መጣ፤ ከኋላ ተቀመጠ፤ ጫማው ከሩቅ ያበራል። ስለ ፈረሰው ሰፈራችን ረጅም ግጥም አነበብኩ። ጭብጨባው ጥሩ ነበር። ስወርድ እሱ ሄዷል።

ሰኞ ብርጭቆ እያጠብኩ እንዴት ነበር አልኩት። ጠርሙስ እያነሳ ነበር።

«ባዶውን አብሬ አቆምኩ» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«ካንተ በፊት የወጡት ሁሉ ጨረቃ አሉ፣ እንባ አሉ፣ እናት ሀገር አሉ። አንተም አልክ። ያ አንተ ሳትጨመርም ያለ ነው። እሱን ቀነስኩ።»

«ምን ቀረ?»

«ሁለት መስመር» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

የትኞቹ ብዬ አልጠየቅሁትም። ኩራቴ አልፈቀደም። ለሳምንታት ግጥሙን እያወጣሁ ሁለቱን ፈለግሁ፤ ዛሬ ያገኘኋቸው ሲመስለኝ ነገ ሌሎች ይሆናሉ። ለትርሲትም ፈድሉ ግጥሜን ሰምቶታል አልኳት እንጂ ምን እንዳለ አልነገርኳትም።

የመጨረሻ ቀኑ ዓርብ ነበር። ትርሲት ከምሳ በኋላ ለመሰናበት ደረጃውን ወጥታ መጣች። ለመንገድ የሚሆን ዱቄት በከረጢት ይዛለታለች። «አልነፋሁትም» አለችው ስትሰጠው። ተሳሳቁ። ሌሎቹ ሠራተኞች ተሰናብተውት ወደ የቦታቸው ተመልሰው ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ የቀረነው እኛ ብቻ ነን። ከዚያ ወደ እኔ አየች፣ ወደ እሱ ተመለሰች። ስለ ዱቄቷ የጠየቀችበት ያ ድምፅ መጣ።

«ልትሄድ ነውና አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህ ልጅ ግጥም ይጽፋል። እኔ ብሰማውም አላውቀውም። አንተ ሰምተሃል ብሎኛል። አለው ወይስ የለውም? እንደ ዱቄቱ ንገረኝ።»

እጄ ውሃ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ፈድሉ ለማስደሰት ሲል የማይዋሽ መሆኑን ከእሷ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። የለውም ካላት ታምነዋለች፤ ለዘላለም ታምነዋለች። አትቆጣኝም፤ በርኅራኄ፣ በግጥሙ ፋንታ የወፍጮ ቤት ሥራ ትፈልግልኛለች። ከዚያ በኋላ የማነብላትን ሁሉ ምሳ በላህ እያለች ትሸኘዋለች።

ፈድሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ጊዜ አየኝ።

«አብዛኛው ባዶው ነው» አላት። «ማንም የሚጨምረው ነገር ነው፤ ቀንሼዋለሁ። ሁለት መስመር ይቀራል። ሁለቱ ላይ አለው።»

«ሁለት ብቻ?»

«ያንቺም መጀመሪያ ጎድሎ ነበር።»

እህቴ ራሷን ነቀነቀች። ተቀበለችው። ለዓመታት ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩላትን ገጽ ሁሉ ያልተቀበለች፣ ከእሱ አፍ ሁለት መስመር ተቀበለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ያው የድሮው ቅናት ነው።

«የትኞቹ ናቸው?» አልኩት።

«የበሩ።»

የበሩ። መድረክ ላይ ሮጥ ብዬ ያለፍኳቸው ነበሩ። ጨረቃዋ ጋ ለመድረስ ቸኩዬ። ቤታችን በፈረሰ ቀን ታክሲ ውስጥ የጻፍኳቸው፣ ኋላ ላይ ከመሃል የሚያያይዝ ነገር ስላጣሁ የከተትኳቸው ናቸው።

«የምን በር?» አለች ትርሲት። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ውጤት ስትጠብቅ እንደምትቀመጠው። «በልልኝ እስቲ።»

ፈድሉ ጋዋኑን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን በመሐረቡ ነካ ነካ አደረገ። ቦርሳውንና ዱቄቱን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ። እጀታውን እንደያዘ፣ ጀርባውን እንደሰጠን ቆመ። እጄን ከውሃው አወጣሁና አልኩላት።

«ግድግዳው ሁሉ ወድቆ፣ በሩ ብቻ ቆሞ፣
እህቴ ቆለፈችው፣ እንደ ልማዷ ደግሞ።»

ትርሲት ጎበዝ አላለችኝም። ስለ ምሳም አላነሳችም። ቦርሳዋን ከፈተች፤ ሳታይ በእጇ ውስጡን ዳበሰች።

«ቁልፉ እኮ አሁንም እዚህ ነው» አለች።

እኔ ግን የማየው የፈድሉን ጀርባ ነበር። ዞር እንዲል ጠበቅሁ። እጀታውን ተጫነ፣ ወጣ፤ በሩም ከኋላው ተዘጋ።